የጾም ጭስ

በእኛ ሰፈር አንድ ነገር ወደ አፍ ከመሄዱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጾም ነው? የጾም ኬክ አለ፣ የጾም ማኪያቶ አለ፣ የጾም በርገር የሚል ማስታወቂያም አዲሱ ገበያ ታክሲ መያዣው ጋ ተሰቅሎ አይቻለሁ። በርገሩ ከምን እንደተሠራ ሲጠይቅ ያየሁት ሰው ግን የለም። የጾም ነው ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለልጅ ይሰጣል። ይህን የምለው ጾሙን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም እጾማለሁ። የምለው ይቺ ጥያቄ ቤቴ ውስጥ ምን ይዛ እንደገባች ስላየሁ ነው።

ቤታችን ሦስት ሴቶች ነን፤ እናቴ፣ እኔና ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ። የምንኖረው ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። እኔ አንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የጤና ፕሮግራም አዘጋጃለሁ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ልጄን ያሳደገቻት እናቴ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ልጄ ሕፃን እያለች አስም ነበረባት። ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቷ ያፏጫል፤ እኔና እናቴ ተራ በተራ ታቅፈናት እንቀመጣለን። እያደገች ስትሄድ ተዋት። ሐኪሙም ከጭስና ከአቧራ ጠብቋት ብሎ አሰናበተን። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ከሰል የሚያያዘው ከአጥር ውጭ ነው፤ እንግዳ ሲጋራ ካወጣም እናቴ ዕድሜውን ሳታይ ከግቢ ታስወጣዋለች። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሟን፣ ያውም ከሱሉልታ ድረስ ሊጠይቃት የመጣውን፣ ዝናብ ላይ አስቁማ አስጨርሳዋለች።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም እንደገባ እናቴ ከልጄ የደብተር ቦርሳ ውስጥ አንድ ዕቃ አገኘች። ሮዝ ነው፤ ትንሽዬ የጁስ ካርቶን ይመስላል፤ ከላይ እንደ ስትሮ ያለ መሳቢያ አለው። ፊቱ ላይ ትልልቅ ዓይን ያለው ድብ ተስሏል። ድቡ በአንድ እጁ እንጆሪ፣ በሌላው እጁ ወተት የሞላ ብርጭቆ ይዟል። እናቴ ምንድነው ብላ ስትጠይቃት ልጄ ለጉንፋን የሚሳብ ነው አለቻት። አስም በነበረበት ቤት የሚሳብ መድኃኒት ብርቅ አይደለም፤ በዚያ በኩል እናቴን ምንም አልከነከናትም። የከነከናት ወተቱ ነው። በሁዳዴ፣ ወተት፣ ያውም የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ በሆነች ልጅ ቦርሳ ውስጥ።

እናቴ ነገር አታሳድርም። ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወረደች። ባለ ሱቁ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ አንድ ደብር አብሮን የሚሳለም ሰው ነው። እኔ ድሮ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን እዚህ ላይ አንተ ብዬ ስጽፍ ተሳስቼ አይደለም። እናቴ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ይሄ ነገር ወተት አለበት ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው አገላብጦ ጀርባው ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አነበበ።

«የለበትም እማማ» አላት፤ «ሽታው ብቻ ነው። የጾም ነው።»

እናቴ መርቃው ተመለሰች። ለልጄም በገዛ እጇ መልሳ ሰጠቻት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። እስከ ዛሬ ስብሰለሰልበት የምኖረው ሰውየው አለመዋሸቱ ነው። እውነቱን ነው፤ ወተት የለበትም። ቢዋሽ ኖሮ ውሸታም ብዬ እገላገል ነበር። እሱ ግን የተጠየቀውን በትክክል መለሰ፣ ተመረቀ፣ ሱቁ ውስጥ ተቀመጠ።

በዚያ ጾም ቤታችን እንጆሪ እንጆሪ ይሸት ነበር። የከንፈር ቅባት መስሎኝ ነበር። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ዕቃውን ጁስ ነበር የሚሉት፤ ልጄ በስልክ ስታወራ «ጁስ አለሽ?» ስትል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጁስ ደግሞ የማንንም እናት አያስደነግጥም። ልጄ ዳገቱን ስትወጣ መሀል ላይ መቆም ጀምራ ነበር። ጾሙ አድክሟት ነው አልን። እናቴ ተልባ በጥብጣ፣ ሱፍ ጨምቃ ታጠጣታለች፤ ልጅቷ ግን እየገረጣች ሄደች።

የስቅለት ዕለት ሦስታችንም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የሄደ ያውቀዋል፤ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስግደት ነው፣ እህልም ውሃም የለም። ልጄ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ጉሮሮዋን በውሃ እንኳ አላረጠበችም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው እስከ መጨረሻው እሰግዳለሁ ብላ ነበር የመጣችው። እናቴ በዚህ ኮርታ አጠገቧ አቆመቻት። ከቀትር በኋላ ግን ልጄ ማሳል ጀመረች። ወርዳ መነሳት አቃታት፤ ግንባሯ መሬት ነክቶ ይቆይና ቀና ስትል አፏን ከፍታ አየር ትስባለች። እናቴ በዓይኗ አረፍ በይ አለቻት። ልጄ ነጠላዋን ተሸፋፍና ወጣች።

ወድቃ እንዳይሆን ብዬ ተከትያት ወጣሁ። ግቢው ሰው በሰው ነው፤ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘኋት ከቤተልሔሙ ጀርባ ካለው የድንጋይ አጥር ሥር ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ቁጢጥ ብላለች። ከነጠላው ውስጥ ነጭ ጉም ወጣ። ቀጥሎ እንጆሪው ሸተተኝ።

ነጠላውን ገለጥኩት። ሮዙ ነገር አፏ ላይ ነበር። ጤና ነው የማዘጋጀው ብያለሁ፤ ዕቃውን በፎቶ አውቀዋለሁ፤ ኒኮቲን እንደሆነ፣ በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአፌ ግን የወጣው ሌላ ነው።

«በስቅለት?» አልኳት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ላይ ያየሁት ድፍረት አይደለም፤ ድንጋጤም አይደለም፤ ያለ ጥፋቷ የተቆጧት ልጅ ዓይን ነው።

«እማ፣ የጾም ነው እኮ» አለችኝ። «እማማ ጠይቃልኛለች።»

በጥፊ ልመታት እጄን አነሳሁ፤ እጄ አየር ላይ ቀረ። እውነቷን ነበር። ይቺ ልጅ ውሃ አልጠጣችም፣ ምራቅ እንኳ ለመዋጥ ፈርታለች፣ ጉልበቷ እስኪላጥ ሰግዳለች። የተነገራትን ሁሉ ጠብቃለች። ይሄንን ግን አያቷ ጠይቃ፣ ባለ ሱቁ አንብቦ፣ የጾም ነው ብለው አጽድቀውላታል። ለጉንፋን ነው ብላ በመዋሸቷ እንዳልቆጣት ደግሞ ያን ውሸት ያን ጊዜ ገና አላውቀውም ነበር። ከውስጥ ኪርያላይሶን ይሰማል፤ እኔ አጥሩ ሥር ከልጄ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነው፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ገና አላወቅሁም።

ማታ ጉልባኑ ሲቀርብ ለእናቴ ነገርኳት። ሲጋራ ነው አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ሲጋራ ምን እንደሚሸት እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ደጋግሜ ሳስረዳት ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ ጠይቄያለሁ» አለች። እናቴ በጣም ሲብስባት ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ በኦሮምኛም ያንኑ ነው የደገመችው፣ ጠይቄያለሁ፣ ጠይቄያለሁ። ጉልባኑን ሳትነካ ተነሳች። ወንድሟን ዝናብ ላይ ያቆመች ሴት ሲጋራውን በራሷ እጅ ለልጅ ልጇ ሰጥታለች፤ ይህን ያስደረጋት ባለ ሱቅ ደግሞ ስሟን እንኳ አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ደረቷን አዳመጠች። አስሙ እንደተቀሰቀሰ፣ ይሄንን ነገር አሁኑኑ ካላቆመች ደግሞ ዕድሜ ልክ አብሯት ሊኖር እንደሚችል ነገረችን። ማቆሙ ቀላል እንደማይሆንም አልደበቀችንም። ሱስ የሚለውን ቃል ስትናገር ልጄ ዞር ብላ እኔን አየች። ሱስ ለእሷ የጫት ቤት ጎረምሳ ቃል ነው፤ ድብ የተሳለበት ነገር ላይ ይሠራል ብላ አስባ አታውቅም።

ባለ ሱቁ ጋ የሄድኩት በማግስቱ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ሱቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም ስለተቀቡ ከውጭ ሲታይ የእሱም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሱቅ ነው። ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጠው ለማየት ፈለግሁ። በማስቲካውና በማድመቂያ እስክሪብቶው መካከል ተደርድሯል፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ አንዱ ድብ፣ አንዱ ጥንቸል፣ አንዱ መነጽር ያደረገ አናናስ። እኔ ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጎንበስ ማለት አያስፈልጋትም፤ የአራተኛ ክፍል ልጅማ ፊት ለፊቱ ነው።

ጮህኩበት። በሕግ የተከለከለ ነው አልኩት፤ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ ፕሮግራም ሠርቼበታለሁ። ይሄ ሲጋራ አይደለም፣ ከመርካቶ ከሽቶ ጋር የመጣ ዕቃ ነው አለኝ። ልጄ አስም እንዳለባት ነገርኩት፤ እግዚአብሔር ይማራት አለ። በመጨረሻ እናቴን አነሳሁበት፤ አንድ ቃል ብትነግራት ምን ነበረበት አልኩት። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ መለሰልኝ።

«እናትሽ ወተት አለበት ወይ ነው ያሉኝ። ሲጋራ ነው ወይ ቢሉኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር።»

ሰውየውን ልለቀው አልችልም፤ ግን ባሰብኩበት ቁጥር ንዴቴ ሱቁ ላይ ብቻ አይቆምም። ያንን ድብ የሳለው አንድ ሰው አለ። የሆነ አገር፣ የሆነ ቢሮ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ዓይኑን ትንሽ ላሳድገው ብሎ አሳድጎታል። ጉንጩ ላይ ቀይ ጨምሮበታል። ለማን እንደሚስል ያውቃል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ጥርሱ የሚስቅ ድብ አይፈልግም። ሥራውን ለአለቃው ሲያሳይ አለቃው ጥሩ ነው፣ ያምራል ብሎት ይሆናል። ያ ሰው ልጆች ይኖሩት ይሆናል። የእኔን ልጅ አያውቃትም፤ እጁ ግን ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል። እኛ ደግሞ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ከተማው ውስጥ ሲገባ ስለ ምን ስናወራ እንደነበር ባስታውስ ያቃጥለኛል። የራሴ ጣቢያ የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ ሁለት አቅራቢዎች የኤሌክትሪክ ሺሻ ብለው ሲሳሳቁበት አድምጫለሁ። የትኛው ጣዕም ይሻላል ተባብለው ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራም ልሠራበት ወሰንኩ። ዋና አዘጋጃችን መጀመሪያ ርዕሱን «አዲሱ የወጣቶች ፋሽን» እንበለው አለ። ፋሽን የሚለውን አስወጣሁት፤ ለዚያች አንዲት ቃል ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀናል። ቀጥሎ ጽሑፌን አንብቦ ደረቅ ነው አለ። አድማጭ ያላየውን ነገር እንዴት ይጠላል? ሬዲዮ ምስል የለውም፤ እንዲያዩት አድርጊ፣ እንዲያሸቱት አድርጊ አለኝ። በሙያው ልክ ነበር፤ እኔም ለአዳዲስ ልጆች የማስተምረው ይህንኑ ነው።

የማላውቀውን ጣዕም ለመጻፍ የምጠይቀው ሰው ቤቴ ውስጥ ነበር። ልጄ ከፋሲካ ወዲህ አልነካችም ነበር። እንዴት እንዳለፈችው እኔ ነኝ የማውቀው። ጥፍሯን እስኪደማ በላች፣ በማይረባ ነገር ታለቅሳለች፣ ከእናቴ ጋር ትጣላና መልሳ እግሯ ላይ ትተኛለች። ትምህርት ቤት ስትሄድም ስትመለስም ራሷ ናት እናቴን አብረሽኝ ሂጂ ያለቻት። እናቴ በሱቁ በኩል ሆና ትሄዳለች፤ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ እሷን ከውስጥ በኩል ታደርጋታለች። ሰዎች ለምን እንደሆነ ስለማያውቁ አንዳንዱ ይስቃል። እናቴ ግድ የላትም። ልጄን ስለ ጣዕሙ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና ነገረችኝ፤ ስሟን እንደማልጠራ ቃል ገባሁላት፤ ቃሌንም ጠበቅሁ።

ፕሮግራሙ ቅዳሜ ጠዋት ተላለፈ። ስለ ሕጉ የሚያወራው ክፍል ለከረሜላ ማስታወቂያ ቦታ ሲባል ተቆረጠ፤ ይህን የማወራው ቀልድ ፈልጌ አይደለም፣ የሆነው ይሄ ነው። ማሸጊያውን የገለጽኩበት ክፍል ግን ሙሉውን ሄደ፤ ድቡ፣ ቀለሙ፣ ስትሮው፣ ሽታው። ከሥሩ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ገባበት። ስልክ ጎረፈ። ወላጆች አመሰገኑኝ፣ አንድ መምህር በስልክ አለቀሰ። አንድ የወጣት ድምፅ ያለው ደዋይ ደግሞ የት ነው የሚገኘው ብሎ ጠየቀ። ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ውስጥ ሳቀ፤ እኔም አልመልስልህም ብዬ ዘጋሁት። ስወጣ ዋና አዘጋጃችን ምርጥ ሥራ ብሎ ጨበጠኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለብዙ ጊዜ ያልተሰማኝ ደስታ ተሰምቶኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ከጎረቤቶች ጋር ነበረች። ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ግቢውን ሁሉ ሰብስባ፣ የእኔ ልጅ ናት እያለች አስደምጣቸዋለች። አሁንም ስለዚያው ያወራሉ፤ አቅፋ ሳመችኝ። ልጄስ አልኳት። እናትሽን ስሚ ብዬ አጠገቤ አስቀምጫት ነበር፣ ጓዳ ገብታለች አለችኝ።

ልጄ ጓዳ ውስጥ ጤፍ ማስቀመጫው በርሜል ላይ ተቀምጣለች። ከበረንዳው የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል።

«ሰማሽኝ?» አልኳት።

«ሰማሁሽ።»

«እንዴት ነበር?»

የቀሚሷን ጠርዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ልክ እንደሱ ነው የገለጽሽው» አለችኝ። «እንጆሪው ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ከዚያ ወተቱ ምላስ ላይ እንደሚቀር። አፌ ምራቅ ሞላ። ረስቼው ነበር እኮ፣ እማ። ሰሞኑን እየረሳሁት ነበር።»

ከዚያ በኋላ የምትለኝን አውቄዋለሁ። እማማ ከጎረቤቶቹ ጋር ስታወራ በጓሮ በር ወጣሁ አለችኝ። ሱቁ ክፍት ነበር አለችኝ። ሰውየው ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር፣ ሲያየኝ ድምፁን ቀነሰው አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ የምቆጣበት ቃል አልነበረኝም፤ ቃሌን ሁሉ ጠዋት ጨርሼዋለሁ። እሷም አላለቀሰችም። ቀስ ብላ፣ እንዳታስቀይመኝ የፈራች በሚመስል ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ።

«ሌላ ጊዜ ስታወሪ፣ እማ፣ እንዴት እንደሚጣፍጥ አትናገሪ።»